ማስታወቂያውን የጻፈ እና ያረመ

አሜሪካ በገባሁ በሦስተኛው ሳምንት የተከራየኋትን ጠባብ ክፍል ያገኘሁት ክሬግስሊስት በተባለው የማስታወቂያ ድረ ገጽ ነበር። አልጋዬንም፣ የመጀመሪያውን ጠረጴዛዬንም፣ ቅዳሜና እሁድ የምሠራውን የመጀመሪያ ሥራዬንም ያገኘሁት ከዚያው ነው። አዲስ አበባ ሳለሁ በየመብራት እንጨቱና በየአጥሩ ተለጥፈው የማነባቸው «የሚከራይ ክፍል»፣ «ሠራተኛ ይፈለጋል» የሚሉ ወረቀቶች ሁሉ በአንድ ትልቅ ግድግዳ ላይ የተሰበሰቡ መስሎ ተሰምቶኝ ነበር። በዚያው ግድግዳ ላይ፣ ከክፍል ኪራዩ ዝርዝር ጥቂት መስመሮች ራቅ ብሎ፣ የሰው ገላ የሚተዋወቅበት ሌላ ክፍል እንዳለ አይቼ ያለፍሁት ሳላስተውለው ነው። ከዓመታት በኋላ በአስተርጓሚነት መሥራት ስጀምር በሰዎች የመነገድ ወንጀል ስለደረሰባቸው ሰዎች ሥልጠና ተሰጠን፤ ያን ጊዜ የእነዚያን መስመሮች ትርጉም ቁጭ ብዬ ለመማር ተገደድሁ። በሥራዬ የሰማሁት ሁሉ በምስጢር የተያዘ ስለሆነ እዚህ አንዲት ቃል አላነሣም፤ የምጽፈው በፍርድ ቤት መዝገብና በምክር ቤት ሰነድ ለሁሉም የተገለጠውን ብቻ ነው። ዓመታቱም፣ ወራቱም፣ ቀኖቹም በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ይህን እንድጽፍ ያነሣሣኝ ከቅዳሴ በኋላ ቡና ላይ የቀረበልኝ ጥያቄ ነው። በዕድሜ የሚበልጡኝ አንዲት እናት፣ ባክፔጅ ስለተባለው የማስታወቂያ ድረ ገጽ ባጭሩ ስነግራቸው ጽዋቸውን አስቀምጠው «ልጄ፣ ሕግ አለበት በሚባል አገር የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ በማስታወቂያ ስትሸጥ፣ የማስታወቂያው ባለቤት እንዴት ዝም ይባላል?» አሉኝ። በዚያች ሰዓት የሰጠኋቸው መልስ የተበጣጠሰ ነበር። ይህ ጽሑፍ ለእሳቸው ያልመለስሁትን የምመልስበት ነው።

በመጀመሪያ አንድ ቃል ላቅና። በዜና ማሰራጫዎቻችን «ሕገወጥ የሰዎች ዝውውር» የሚለው አጠራር ስለተለመደ፣ ነገሩን ስንሰማ ወዲያው የሚታየን በረሃ፣ ድንበርና ጀልባ ነው። ወንጀሉ ግን መጓዝን አይጠይቅም። በአሜሪካ የፌዴራል ሕግ፣ በኃይል፣ በማታለል ወይም በማስገደድ ሰውን ለወሲብ ንግድ ማቅረብ ወንጀሉን ያሟላል፤ ተጎጂዋ ከ18 ዓመት በታች ከሆነች ደግሞ ማስገደድ መኖሩን ማስረዳት እንኳ አያስፈልግም። አንዲት ልጅ ከተወለደችበት ከተማ ሳትወጣ፣ ከእናቷ ቤት ጥቂት ፌርማታ ብቻ በሚርቅ የሆቴል ክፍል ውስጥ ልትሸጥ ትችላለች። ስለዚህ እዚህ «በሰዎች መነገድ» እላለሁ፤ የኢትዮጵያ ሕግም በ2020 የወጣውን አዋጅ ቁጥር 1178 ሲሰይም «መነገድ» የሚለውን ቃል መርጧል።

አሁን ወደ ሕጉ ልግባ። በ1990ዎቹ የመጀመሪያ አጋማሽ ሁለት የኒው ዮርክ ፍርድ ቤቶች እርስ በርሳቸው የሚጋጩ የሚመስሉ ውሳኔዎች ሰጡ። በ1991 ኮምፑሰርቭ የተባለው የኮምፒውተር መረብ አገልግሎት ድርጅት፣ ደንበኞቹ የሚጽፉትን የማይመረምር በመሆኑ፣ እንደ መጻሕፍት መደብር ተቆጥሮ ከስም ማጥፋት ተጠያቂነት ነጻ ወጣ። በ1995 ደግሞ ፕሮዲጂ የተባለው ተፎካካሪው፣ ጸያፍ ጽሑፎችን የሚያጣራና የሚያነሣ በመሆኑ፣ እንደ ጋዜጣ አሳታሚ ተቆጥሮ ተጠያቂ እንዲሆን ተፈረደ። ልዩነቱን ለማስረዳት ከአራት ኪሎ የጋዜጣ አከራዮች የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። በድንጋይ ላይ ተቀምጠን በሳንቲም ተከራይተን ያነበብነው ጋዜጣ የሰው ስም ቢያጠፋ፣ የሚከሰሰው አዘጋጁና አሳታሚው እንጂ ጋዜጣውን ያከራየን ልጅ አይደለም። የሁለቱ ውሳኔዎች ድምር ግን የሚያስከትለው ነገር አደገኛ ነበር፤ ገጹን ያጸዳ ይቀጣል፣ ቆሻሻውን እያየ ዝም ያለ ነጻ ይወጣል።

ይህን ለማረም ክሪስ ኮክስና ሮን ዋይደን የተባሉ፣ አንዱ ከሪፐብሊካን ሌላው ከዴሞክራት ፓርቲ የሆኑ የተወካዮች ምክር ቤት አባላት አንቀጽ 230 ተብሎ የሚታወቀውን ድንጋጌ አረቀቁ፤ በየካቲት 1996 ፕሬዚዳንት ክሊንተን ፈረሙበት። የድንጋጌው ልብ የሆነው ዓረፍተ ነገር በእንግሊዝኛ 26 ቃላት ብቻ ነው። በራሴ አማርኛ ሳቀርበው፣ የኢንተርኔት አገልግሎት ሰጪም ሆነ ተጠቃሚ ሌላ ሰው ያቀረበውን መረጃ እንደ አሳተመ ወይም እንደ ተናገረ ተደርጎ አይቆጠርም ይላል። ከዚያ ቀጥሎ፣ ነውረኛ ነገርን በቅን ልቡና ያነሣ አገልግሎት ሰጪ ስላነሣ አይጠየቅም የሚል ንኡስ አንቀጽ ይከተላል። ለዚህ ሁሉ ጥበቃ የተሰጠው ርዕስ ደጉ ሳምራዊ ከሚለው የወንጌል ምሳሌ የተወሰደ ነው። ይህን ርዕስ መጀመሪያ ሳነብ ቆም ብዬ አሰብሁበት። በሉቃስ ወንጌል የተጻፈው ሳምራዊ በመንገድ የወደቀውን ሰው ቁስል ያሰረው ነው፤ አይቶት አልፎ የሄደ ካህንና ሌዋዊም በዚያው ታሪክ ውስጥ አሉ። ሕጉ የወጣው ለሳምራዊው ነበር፤ በ1997 ዜራን በተባለው ጉዳይ የፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በሰጠው ሰፊ ትርጓሜና በተከታዮቹ ውሳኔዎች ግን ከለላው እያወቁ አልፈው ለሚሄዱትም ሆነ።

ይህ ከለላ የሰጠንን አልክድም። ማንም ሰው አስተያየቱን ያለ አስቀድሞ ምርመራ መጻፍ መቻሉ፣ ይህችም የእኔ ትንሽ የጦማር ገጽ የአንባቢን አስተያየት ያለ ፍርሃት ማስተናገድ መቻሏ በዚሁ ሕግ ነው። የምከራከረው ከለላው ለምን ተሰጠ ብዬ ሳይሆን የት ላይ ሊያቆም ይገባው ነበር ብዬ ነው።

ክሬግስሊስት በክሬግ ኒውማርክ በ1995 በሳን ፍራንሲስኮ የተጀመረ ነው። በ2008 ከ40 የክልል ዋና ዐቃብያነ ሕግ ጋር ተስማምቶ በወሲብ አገልግሎት ክፍሉ ለሚያስተዋውቁ ሰዎች የስልክ ማረጋገጫና የባንክ ካርድ ክፍያ ደነገገ። በመጋቢት 2009 ቺካጎ የምትገኝበት የኩክ ካውንቲ ሸሪፍ ቶማስ ዳርት ድረ ገጹን ከሰሱ፤ ክሱ በአንቀጽ 230 ምክንያት በዚያው ዓመት ውድቅ ተደረገ። ሕግ ያላስገደደውን ግን የሕዝብና የዐቃብያነ ሕግ ግፊት አስገደደው፤ ድርጅቱ በመስከረም 2010 ያን ክፍል ዘጋ። ማስታወቂያው ግን አልጠፋም፤ ወደ ሌላ ግድግዳ ተሻገረ።

ያ ሌላ ግድግዳ ባክፔጅ ነበር። በ2004 የተመሠረተው ማይክል ሌሲና ጄምስ ላርኪን በሚመሩት የሳምንታዊ ጋዜጦች ድርጅት ሥር ሲሆን፣ ስሙም ጥቃቅን ማስታወቂያዎች የሚታተሙበትን የጋዜጣ የጀርባ ገጽ ያመለክታል። የዕለት ተዕለት ሥራውን የሚመራው ካርል ፌረር ነበር። የሴኔት ምርመራ እንዳሳየው የድርጅቱ ጠቅላላ ገቢ በ2008 ከነበረበት 5.3 ሚሊዮን ዶላር በ2014 ወደ 135 ሚሊዮን ዶላር ደረሰ። አሮጌ ሶፋና ያገለገለ ብስክሌት በማስተዋወቅ እንዲህ ያለ ገንዘብ አይገኝም።

ተጎጂዎች ዝም አላሉም። በ2010 በሚዙሪ አንዲት በልጅነቷ የተሸጠች ወጣት ከሰሰች፤ ክሱ በ2011 በአንቀጽ 230 ተዘጋ። በ2012 የዋሽንግተን ክልል የማስታወቂያ ድረ ገጾች የአስተዋዋቂዎችን ዕድሜ እንዲያጣሩ የሚገፋ ሕግ አወጣ፤ የፌዴራል ዳኛ ሕጉ ሥራ ላይ እንዳይውል አገዱት። ከሁሉ በላይ ልቤ ላይ የቀረው ግን በቦስተን በ2014 ተከፍቶ በመጋቢት 2016 በይግባኝ የተወሰነው ጉዳይ ነው። ከሳሾቹ ሦስት ወጣት ሴቶች ነበሩ። በማሳቹሴትስና በሮድ አይላንድ፣ ገና በአሥራ አምስት ዓመታቸው ገደማ፣ በባክፔጅ ማስታወቂያ አማካይነት ደጋግመው እንደተሸጡ ተናገሩ። ጠበቆቻቸው ክሱን ያዋቀሩት በጥንቃቄ ነበር። እኛ የምንከሰው ማስታወቂያው ስለተጻፈ አይደለም፤ ድርጅቱ ራሱ ገጹን ለነጋዴዎቹ እንዲመች አድርጎ ስለሠራው ነው አሉ። የስልክ ቁጥርና ኢሜይል አለማረጋገጡን፣ ማንነት በማይገልጽ መንገድ ክፍያ መቀበሉን፣ ከፎቶግራፎች ላይ የተነሡበትን ጊዜና ቦታ የሚያመለክተውን መረጃ መግፈፉን እያነሡ አስረዱ።

ፍርድ ቤቱ በደሉን አልካደም። ዳኛ ብሩስ ሴልያ የጻፉት ውሳኔ የልጆቹን መከራ በከባድ ቃላት ይገልጸዋል። ነገር ግን ገጹ እንዴት እንዲሠራ እንደሚደረግ መወሰን በራሱ የአሳታሚ ሥራ ስለሆነ ከለላው ይሸፍነዋል፤ ይህ ክፉ ውጤት መታረም ካለበት የሚያርመው ሕግ አውጪው እንጂ ፍርድ ቤት አይደለም አሉ። በጥር 2017 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ጉዳዩን አልመለከትም አለ። ከዚያ አንድ ዓመት ከአራት ወር ገደማ ቀደም ብሎ ግን፣ በመስከረም 2015፣ የዋሽንግተን ክልል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ከ13 እስከ 15 ዓመታቸው የተሸጡ ሦስት ልጆች ያቀረቡትን ተመሳሳይ ክስ 6 ለ3 በሆነ ድምፅ እንዲቀጥል ፈቅዶ ነበር፤ ምክንያቱም የድርጅቱ የአለጣጠፍ መመሪያዎች ራሳቸው ነጋዴዎቹ ማስታወቂያውን ከፖሊስ ሸሽገው እንዲጽፉ ለመርዳት የተዘጋጁ ናቸው የሚለው አቤቱታ እውነት ሆኖ ከተገኘ፣ ድርጅቱ የይዘቱ ተባባሪ ሠሪ ሊሆን ይችላል ብሎ ነው። እነዚህን ሁለት ውሳኔዎች ጎን ለጎን አስቀምጬ ደጋግሜ አንብቤያለሁ። ሕጉ አንድ ነው፣ ድርጅቱ አንድ ነው፣ የልጆቹም ዕድሜ ተቀራራቢ ነው። የለያያቸው ፍርድ ቤቱ የጠየቀው ጥያቄ ነው። ቦስተን «ማስታወቂያውን የጻፈው ማን ነው?» ብሎ ጠየቀ። ዋሽንግተን «ባለቤቱስ በገዛ እጁ ምን አደረገ?» ብሎ ጠየቀ።

ባለቤቱ በገዛ እጁ ያደረገውን ያወጣው የሴኔቱ ቋሚ የምርመራ ንኡስ ኮሚቴ ነው። ሮብ ፖርትማንና ክሌር ማካስኪል የመሩት ይህ ኮሚቴ ድርጅቱን ሰነድ ጠየቀው፤ ፌረር አልታዘዝም አለ። በመጋቢት 2016 ሴኔቱ 96 ለ0 በሆነ ድምፅ በሕግ ለማስገደድ ወሰነ፤ ከሃያ ዓመት በላይ እንዲህ ያለ እርምጃ ተወስዶ አያውቅም ነበር። በጥር 2017 የወጣው ሪፖርት በግድግዳና በሰው መካከል ያለውን ልዩነት ፊት ለፊት የሚያሳይ ነው። ባክፔጅ ከማስታወቂያዎች ውስጥ የተመረጡ ቃላትን ወዲያው የሚሰርዝ ማጣሪያ ሠርቶ ነበር። ከሚሰረዙት ቃላት መካከል «ሎሊታ» (ለወሲብ የምትታይ ልጃገረድ ማለት ነው)፣ «ታዳጊ»፣ «ትንሽ ልጅ»፣ «የትምህርት ቤት ልጅ»፣ «አስገድዶ መድፈር» የሚል ትርጉም ያላቸው፣ የጠፋ ልጅ ሲፈለግ የሚሰጠው የ«አምበር» ማስጠንቀቂያ ስም ሳይቀር ነበሩበት። ቃሉ ሲሰረዝ ግን ማስታወቂያው አይሰረዝም፤ ቃሏ ወጥታ ቀሪው ይለጠፋል፣ ክፍያውም ይቀበላል። በድርጅቱ የራሱ ግምት በ2010 መጨረሻ ላይ በአዋቂዎች ክፍል ከሚወጡት ማስታወቂያዎች ከ70 እስከ 80 በመቶ የሚሆኑት በዚህ ዓይነት ይታረሙ ነበር። ከሕዝብ ለጠፉና ለሚበዘበዙ ልጆች ብሔራዊ ማዕከል ከሚደርሱት በልጆች የመነገድ ጥቆማዎች 73 በመቶው ባክፔጅን የሚመለከቱ እንደነበሩም ሪፖርቱ ይገልጻል። ድርጅቱ በ2014 ለውጭ ኩባንያ ተሸጧል ተብሎ የተነገረውም፣ ግዢው በሌሲና በላርኪን ብድር የተከናወነ በመሆኑ ከእጃቸው ያልወጣ እንደነበር ተገለጠ።

ቡና ላይ ለጠየቁኝ እናት ልነግራቸው ያቃተኝ ይህ ነው። እኛ ኢትዮጵያውያን ግድግዳንና ደላላን እንለያለን። ወረቀት የተለጠፈበት የመብራት እንጨት አይከሰስም። ደላላ ግን ቤቱን አልሠራሁም፣ ባለቤቱም አይደለሁም ብሎ አያመልጥም፤ የሚያገናኘውን ሰው ያያል፣ ኮሚሽኑን ይቆጥራል፣ ዕቃው የተሰረቀ መሆኑን አውቆ ካሻሻጠ ተባባሪ ነው። የሰው ገላ ደላላ ደግሞ በቋንቋችን የራሱ ስም አለው፤ አቃጣሪ ይባላል፤ ስሙንም ማንም ሰው በልጁ ፊት አይጠራውም። «ትንሽ ልጅ» የሚለውን ቃል ሰርዞ ትንሿን ልጅ የሚያስተዋውቅ ሰው ግድግዳ አይደለም። ቃሉን የሰረዘው አደጋውን ስላወቀ ነው፤ ማስታወቂያውን ያስቀረው ደግሞ ገንዘቡን ስለፈለገ ነው። ማረሙ ራሱ የማወቁ ማስረጃ ነው። ሃያ ዓመት ያህል የተከራከርነው የጻፈው ማን ነው በሚለው ላይ ሲሆን፣ ያረመው ማን ነው የሚለው ጥያቄ በጊዜው ቢጠየቅ ኖሮ ብዙ ልጆች ከዚያ ገጽ ላይ ይወርዱ ነበር ብዬ አምናለሁ።

ከዚህ በኋላ ያለው ታሪክ ብዙ ጊዜ ተዛብቶ ይነገራል። በተለምዶ የሚባለው፣ ምክር ቤቱ አዲስ ሕግ አወጣ፣ በአዲሱ ሕግ ባክፔጅ ተዘጋ ነው። የቀኖቹ ቅደም ተከተል ግን ይህን አይደግፍም። ፎስታ ተብሎ የሚጠራው ሕግ በተወካዮች ምክር ቤት 388 ለ25፣ በሴኔት 97 ለ2 በሆነ ድምፅ አልፎ ፕሬዚዳንት ትራምፕ የፈረሙበት ሚያዝያ 11 ቀን 2018 ነው። በሴኔት ከተቃወሙት ሁለቱ አንዱ የመጀመሪያውን ድንጋጌ ያረቀቁት ዋይደን ራሳቸው ነበሩ። የፌዴራል መርማሪዎች ባክፔጅን የዘጉት ግን ሚያዝያ 6 ቀን፣ ፊርማው ሊያርፍ አምስት ቀን ሲቀረው ነው። 93 ክሶችን የያዘው መዝገብ የተመሠረተው ወሲባዊ ንግድን በክልሎች መካከል ማካሄድን በሚከለክለው የ1961 ሕግና በገንዘብ ማጠብ ወንጀል ላይ ነበር። አንቀጽ 230 ከመጀመሪያውም የፌዴራል የወንጀል ሕግን አይነካም ብሎ በግልጽ ደንግጓል። ካሊፎርኒያ በጥቅምት 2016 ፌረርን፣ ሌሲንና ላርኪንን በአቃጣሪነት ስትከስ ክሱ በታኅሣሥ የተዘጋው ከለላው የክልሎችን ሕግ ስለሚያግድ ነው፤ የፌዴራል ዐቃቤ ሕግ እጅ ግን አንድም ቀን አልታሰረም ነበር። ይህን ሳስብ የሚያመኝ፣ ሕጉ እንደማይፈቅድ ሲነገረን የኖረው ነገር ቢያንስ በከፊል የተፈቀደ መሆኑ ነው።

የፍርድ ሂደቱም ቀላል አልነበረም። ፌረር ጥፋተኛነቱን አምኖ መስካሪ ሆነ። በመስከረም 2021 በፊኒክስ የተጀመረው ችሎት፣ ተከሳሾቹ ባልተከሰሱበት በልጆች የመነገድ ወንጀል ላይ ዐቃብያነ ሕጉ አብዝተው ስላተኮሩ በዳኛዋ ውሳኔ ተቋረጠ። ሁለተኛው ችሎት ሊጀመር ቀናት ሲቀሩት፣ በሐምሌ 2023 መጨረሻ፣ ላርኪን ሕይወቱን አጠፋ። በኅዳር 2023 ሌሲ ገንዘብን በውጭ አገር በመደበቅ በአንድ ክስ ጥፋተኛ ተባለ፤ በእሱ ላይ በቀረቡት በአብዛኞቹ ሌሎች ክሶች ዳኝነት የተቀመጡት ሰዎች ሊስማሙ አልቻሉም። በነሐሴ 2024 አምስት ዓመት እስራትና 3 ሚሊዮን ዶላር ቅጣት ተፈረደበት፤ ሁለት የሥራ ባልደረቦቹ አሥር አሥር ዓመት ተፈረደባቸው። እንግዲህ በዚህ የፌዴራል ክስ ሂደት ውስጥ ማንም በሰዎች በመነገድ አልተከሰሰም፤ ዳኝነቱ የቆመው ሴተኛ አዳሪነትን በማመቻቸትና ገንዘቡ በሄደበት መንገድ ላይ ነው።

ታዲያ ፎስታ ምን አደረገ? የሌላ ሰውን ሴተኛ አዳሪነት ለማስፋፋት ወይም ለማመቻቸት በማሰብ ድረ ገጽ ማስተዳደርን እስከ አሥር ዓመት፣ ከበድ ባለ ሁኔታ እስከ ሃያ አምስት ዓመት በሚያስቀጣ አዲስ ወንጀል ደነገገ፤ ከአንቀጽ 230 ላይም ለተጎጂዎች ክስ በር ከፈተ። ሕጉ በሴኔት ባለፈ በሁለት ቀን ውስጥ ክሬግስሊስት፣ ጓደኝነትንና ትዳርን የሚፈልጉ ሰዎች ጭምር የሚጠቀሙበትን የግል ማስታወቂያ ክፍሉን ዘጋ። የመንግሥት ተጠያቂነት ጽሕፈት ቤት በሰኔ 2021 ባወጣው ሪፖርት እስከዚያ ዓመት መጋቢት ድረስ አዲሱ የወንጀል ድንጋጌ ጥቅም ላይ የዋለው በአንድ ጉዳይ ብቻ እንደነበር፣ ገበያውም በብዙ ትንንሽ ድረ ገጾች ተበታትኖ አንዳንዱ ወደ ውጭ አገር መሻገሩንና ለመርማሪዎች ማስረጃ ማግኘት መክበዱን ጻፈ። በፈቃዳቸው በዚህ ሥራ የሚተዳደሩ አዋቂ ሴቶች ደግሞ ደንበኛን አስቀድመው የሚያጣሩበትንና ስለ አደገኛ ሰዎች የሚጠቋቆሙበትን መገናኛ አጥተው ወደ ጎዳና መመለሳቸውን አቤት ብለዋል።

ይህን አቤቱታ አንዳንድ ወገኖቼ ለመስማት እንኳ አይፈልጉም፤ እኔም ባደግሁበት ሥርዓት ለመስማት ቀላል አልሆነልኝም። ነገር ግን የሴትን ሥራ አለመውደድና ሴቲቱ በጨለማ እንድትደበደብ መተው የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ፎስታ የተሳሳተው፣ በእኔ ፍርድ፣ ልጅን የሚሸጠውንና ራሷን የምታስተዋውቀውን አዋቂ በአንድ ከረጢት ስለጨመረ ነው። ልጅ ስትሸጥ እያወቀ የተጠቀመን ድርጅት መክሰስ የሚያስችለው የ2000 ሕግና ተከታታይ ማሻሻያዎቹ እዚያው ነበሩ፤ የሚያስፈልገው ከአንቀጽ 230 መንገድ ላይ አንድ ድንጋይ ማንሣት ብቻ ነበር። በነሐሴ 2023 ቺካጎ ያለው የፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ለባክፔጅ ሶፍትዌር ሲያቀርብ በነበረው በሴልስፎርስ ላይ የቀረበ ክስ እንዲቀጥል ሲፈቅድ የጠየቀው፣ ኩባንያው ስለሚያገለግለው ንግድ ምን ያውቅ ነበር፣ ከዚያስ ምን ተጠቀመ የሚለውን ነው። በእኔ አመለካከት ትክክለኛው ጥያቄ ይህ ነው።

ጉዳዩ ለእኛም ሩቅ አይደለም። በ2019 ቢቢሲ አረብኛ ባካሄደው ምርመራ በኩዌት የቤት ሠራተኞች ፓስፖርታቸው በአሠሪ እጅ እንዳለ በስልክ መተግበሪያዎች ላይ ለሽያጭ ሲተዋወቁ ታዩ። አንደኛው መተግበሪያ ገዢው ሠራተኞቹን በዘር እንዲመርጥ የሚያስችል ማጣሪያ ነበረው፤ ዋጋውም እንደ ዘራቸው ይለያይ ነበር። ያ ንግድ የጉልበት እንጂ የወሲብ አይደለም፤ ነገር ግን በዘር የሚመርጠውን ማጣሪያ ማስታወቂያ ለጣፊው አልሠራውም፣ የሠራው ባለ መተግበሪያው ነው። እህቶቻችን በብዛት በሚሠሩበት አገር ይህን ማየት ምን እንደሚያደርግ ለአንባቢዬ ማስረዳት አያስፈልገኝም። የኢትዮጵያ የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958 ደግሞ በ2016 ሲወጣ፣ አገልግሎት ሰጪው በሦስተኛ ወገን ይዘት የሚጠየቀው በቀጥታ በማሰራጨቱ ወይም በማረሙ ከተሳተፈ፣ ሕገወጥነቱን እያወቀ ካላነሣ፣ ወይም ሥልጣን ካለው አካል ማስታወቂያ ደርሶት እርምጃ ካልወሰደ ነው ብሏል። ሦስተኛው ምክንያት ባለሥልጣን የማይወደውን ጽሑፍ ለማስነሣት መሣሪያ እንዳይሆን እሰጋለሁ። የመጀመሪያው ግን ማረምን በስሙ መጥራቱ፣ አሜሪካ ብዙ ልጆች ከተጎዱ በኋላ የደረሰችበትን ነጥብ በአንድ ቃል የያዘ ይመስለኛል፤ በሰዎች የመነገድ ወንጀል ግን ይህ ተጠያቂነት ከሚመለከታቸው ወንጀሎች ውስጥ አልተዘረዘረም፤ ቢጨመር መልካም ነው።

በመጨረሻ ለእኚያ እናት ስለ ገንዘቡ መንገር አለብኝ። የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር ከባክፔጅ የተወረሰውን ከ200 ሚሊዮን ዶላር በላይ ገንዘብ ለተጎጂዎች ለማካካስ በሐምሌ 2024 ማመልከቻ መቀበል እንደሚጀምር አስታወቀ። ማመልከት የሚችሉት ከጥር 1 ቀን 2004 እስከ ሚያዝያ 6 ቀን 2018 ባለው ጊዜ በዚያ ገጽ በወጣ ማስታወቂያ የተሸጡ ሰዎች ናቸው፤ የማመልከቻውም ጊዜ የካቲት 2 ቀን 2025 ተዘግቷል። በቦስተን የተሸነፉት ሦስቱ ሴቶች አመልክተው እንደሆነ የሚታወቅ ነገር የለም፤ ስማቸው በመዝገቡ ላይ ስላልተጻፈ መታወቅም የለበትም። ሲሸጡ አሥራ አምስት ዓመት ገደማ የነበሩት እነዚያ ልጆች አሁን ትልልቅ ሴቶች ሆነዋል።